መልስ ያላገኙ 97 ኢሜይሎች

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ባሉ ኤቲኤሞች ፊት ተማሪዎች ተሰልፈው ነበር። በሒሳብ ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት እንደሚቻል ወሬው ከዶርም ዶርም፣ ከስልክ ስልክ ተዳርሷል። ጥሬ ገንዘብ ያወጣ አወጣ፤ በሞባይል ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛወረም አዛወረ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ግብይቱን እስኪያግድ ድረስ ሰዓታት አለፉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ግብይቶች ተከናውነዋል።

ባንኩ ኋላ ላይ አላግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። አብዛኛው ተመልሷል። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ግን በአደባባይ ተለጠፈ። አገሩ ሁሉ የተከራከረው ስለ ተማሪዎቹ ነበር። ሌብነት ነው ወይስ ችግር? ወላጅስ ምን አስተማረ? ክርክሩ ተገቢ ነበር። የራሱ አለመሆኑን እያወቀ የወሰደ ሰው፣ ማሽኑ ስለፈቀደለት ብቻ ንጹሕ አይሆንም።

በዚያ ጫጫታ መሐል ግን ሌላ ጥያቄ ተዋጠ። ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደነበር በይፋ ተገልጿል። እንግዲያው ማሻሻያው ሲጫን ምልክቱን ማን ይከታተል ነበር? የመጀመሪያው ያልተለመደ ግብይት ለማን ታየ? ያየው ሰው በራሱ ሥልጣን ማቆም ይችል ነበር ወይስ ሌሊት አለቃ መቀስቀስ ነበረበት?

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ባንክ አልተጀመሩም። ኮምፒውተር የሰው ሕይወትና ንብረት ከተሸከመበት ጊዜ ጀምሮ፣ ታላላቅ ውድቀቶች ሁሉ የሚመለሱት ወደ እነሱ ነው። ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ከመውደቃቸው በፊት ይናገራሉ። የሚጎድለው ሰሚ ነው፤ ሰሚ ሲኖርም ሥልጣን ያለው ሰሚ።

የ24 ዓመቱ ሰሚ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969፣ ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ወለል እየወረዱ ሳለ የመንኮራኩራቸው ኮምፒውተር 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳየ። ሁለቱም ትርጉሙን አላወቁትም። አርምስትሮንግ ምን ማለት እንደሆነ እንዲነገረው መሬት ላይ ያሉትን ጠየቀ። መልሱ በሰከንዶች ውስጥ ካልደረሰ ምርጫው አንድ ነበር፤ ማረፉን ሰርዞ መመለስ።

በሂውስተን የቁጥጥር ማዕከል ውሳኔው የወደቀው በ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ላይ ነበር። ከበስተጀርባ ሆኖ የሚያግዘው ጃክ ጋርማን ደግሞ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ጋርማን አላመነታም፤ ማስጠንቀቂያው እየደጋገመ እስካልቀጠለ ድረስ ማረፍ ይቻላል አለ። ቤልስም ያንኑ አስተላለፈ። መውረዱ ቀጠለ።

ኮምፒውተሩ የጮኸው ሥራ ስለበዛበት ነው። በዚያ ሰዓት የማያስፈልግ ራዳር ጊዜውን እየሻማው ነበር። በማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ፣ ማርጋሬት ሃሚልተን የመራችው ቡድን የሠራበት ሶፍትዌር ግን ለእንዲህ ያለ ቀን ተዘጋጅቶ ነበር። ጭነቱ ሲበዛ አነስተኛውን ሥራ ጥሎ ዋናውን ይይዛል፤ መጣሉንም ይናገራል። 1202 የዚያ ንግግር ቁጥር ነበር።

ጋርማን ይህን በዚያች ቅጽበት አልተገለጠለትም። ከበረራው ጥቂት ቀደም ብሎ በተደረገ ልምምድ አሠልጣኞቹ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በድንገት ለቀው ነበር። ቤልስ ግራ ተጋብቶ ማረፉ ይሰረዝ አለ። መሰረዝ አልነበረበትም። የበረራ ኃላፊው ጂን ክራንዝ ሊከሰቱ የሚችሉት ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ተለቅመው፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደረግ እንዲጻፍ አዘዘ። ጋርማን በእጁ የጻፈውን ዝርዝር ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አኖረው። በጨረቃው ዕለት ያነበበው ያንን ወረቀት ነው።

የኮምፒውተር ክትትል ታሪክ ውስጥ ይህ ወረቀት ትልቅ ስፍራ አለው። ማሽኑ ተናገረ፤ የሚያዳምጥ ተረኛ ነበረ፤ ተረኛው ምን ማለት እንዳለበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ሲናገርም ዕድሜውን የጠየቀው አልነበረም።

የአንድ ማለዳ ኪሳራ

ከ43 ዓመት በኋላ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ናይት ካፒታል በአሜሪካ ከፍተኛ የአክሲዮን ግብይት ከሚያካሂዱ ድርጅቶች አንዱ ነበር። በጁላይ 2012 መጨረሻ በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ኮድ መጫን ነበረበት። የጫነው ባለሙያ አንዱን ሰርቨር ዘለለው። ሁለተኛ ሰው ሥራውን እንዲያይ የሚያስገድድ ደንብ ስላልነበረ ማንም አላየም። በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ጥቅም ላይ ያልዋለ፣ ነገር ግን ሳይጠፋ የቀረ አሮጌ ኮድ ተኝቶ ነበር። አዲሱ ኮድ ለሥራ መቀስቀሻ የመረጠው ምልክት ደግሞ የዚያ አሮጌ ኮድ መቀስቀሻ ነበር።

ኦገስት 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ጀምሮ፣ የድርጅቱ ሲስተም ኢሜይል መላክ ጀመረ። ኢሜይሎቹ የአሮጌውን ኮድ ስም ጠርተው ስህተት እንዳለ ይናገራሉ። ገበያው 3 ሰዓት ተኩል ላይ እስኪከፈት ድረስ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ደረሱ። የሚደርሷቸው ሰዎች እንዲህ ያሉ መልእክቶችን እንደ ማስጠንቀቂያ የመቁጠር ልማድም ግዴታም አልነበራቸውም። አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ጊዜ እንዲሁ አለፈ።

ገበያው ሲከፈት አሮጌው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ 154 በሚሆኑ የኩባንያ አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶችን ፈጸመ። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለማቆም ሲራወጡ ደግሞ ጉዳቱን አባባሱት። ጥፋቱ የአዲሱ ኮድ መስሏቸው ከሰባቱ ጤነኛ ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ በሰባቱም ላይ አሮጌው ነቃ። ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በዓመቱ ሌላ ድርጅት ጠቅልሎታል።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ውሳኔ ናይት ካፒታልን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ውሳኔው ስምንተኛውን ሰርቨር የዘለለውን ባለሙያ ለይቶ በማውገዝ አላለፈም። የከሰሰው የድርጅቱን አሠራር ነው፤ ሁለተኛ ዓይን የሚያስገድድ ደንብ አለመኖሩን፣ ኪሳራ ከልክ ሲያልፍ ግብይትን በራሱ የሚያቆም ልጓም አለመኖሩን፣ ችግር ሲፈጠር ምን እንደሚደረግ የተጻፈ መመሪያ አለመኖሩን። ጋርማን ከመስታወት ሥር ያስቀመጠው ዓይነት ወረቀት እዚህ አልነበረም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። በናይት ካፒታል ውሻው ጅቡ ሳይመጣ 97 ጊዜ ጮኾ ነበር።

ማሽኑን አምኖ ሰውን ማሰር

ናይት ካፒታል ስህተቱን የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ግን ዕዳውን በሌሎች ትከሻ ላይ ጫነው።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በየቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሲስተሙን ያቀረበው በኋላ በፉጂትሱ ሥር የተጠቃለለ ኩባንያ ነበር። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት አብዛኞቹ በውል የሚሠሩ የመንደር ነጋዴዎች ነበሩ። ፖስታ ቤት ከሱቅ ጋር አዳብለው የሚኖሩ፣ ጎረቤት በስሙ የሚጠራቸው ሰዎች። ሆራይዘን ከገባ በኋላ ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ገንዘብ ይጎድላቸው ጀመር። ውላቸው የጎደለውን ከኪሳቸው እንዲሞሉ ያስገድድ ነበር። ቁጠባቸውን አሟጠጡ፤ ከዘመድ ተበደሩ፤ ቤታቸውን አስያዙ።

ስልክ ደውለው ለእርዳታ ክፍሉ ሲያመለክቱ ብዙዎቹ የተነገራቸው ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሌላ ሰው የለም። ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ግን አንዱ ስለሌላው አያውቅም። በተመሳሳይ ጊዜ ፉጂትሱ የታወቁ የሲስተም ስህተቶችን የሚመዘግብበት መዝገብ ነበረው። ከቅርንጫፉ ሰው እውቅና ውጭ ከርቀት የቅርንጫፍ ሒሳብ ውስጥ መግባት የሚችሉ ሠራተኞችም ነበሩት። ፖስታ ቤቱ ይህ የማይቻል ነው እያለ ለዓመታት ሲያስተባብል ኖረ።

የአገሪቱ ሕግም ለማሽኑ አደላ። ቀድሞ ከኮምፒውተር የወጣ ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ማሽኑ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ግዴታ ነበር። በ1999 በወጣ ሕግ ይህ ድንጋጌ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር በትክክል እንደሠራ ይገመታል፤ አልሠራም የሚል ተከሳሽ ያስረዳ። የመንደር ባለሱቅ ግን የፉጂትሱን የስህተት መዝገብ ከየት ያመጣል? ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ተፈረደባቸው። አብዛኞቹን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች ነበረች። የከሰሩ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ።

አለን ቤትስ የተባለ በዌልስ የባሕር ዳርቻ ከተማ ቅርንጫፍ ያስተዳድር የነበረ ሰው ውሉ ከተቋረጠበት ከ2003 ጀምሮ ሳያርፍ ተከራከረ። እሱን የመሰሉትን አሰባስቦ 555 ሆነው ከሰሱ። በዲሴምበር 2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሆራይዘን ስህተቶች በቅርንጫፎች ሒሳብ ላይ ጉድለት ሊፈጥሩ ይችሉ እንደነበርና እንደፈጠሩም ፈረደ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። ለብዙዎች የዘገየ ፍርድ ነበር።

በናይት ካፒታል ማስጠንቀቂያውን የሰማ አልነበረም። በሆራይዘን ግን የሰሙ ነበሩ፤ ጽፈው መዝግበውታል። የሰማው ሰው የሚያውቀውን ለሚመለከተው እንዳይናገር ያደረገው የተቋሙ ክብር ነው። ሲስተሙ ተሳስቷል ማለት ተቋሙ ተሳስቷል ማለት ሆነ፤ ከዚያ ይልቅ የመንደሩ ባለሱቅ ሌባ ነው ማለት ቀለለ።

ከቢሾፍቱ የመጣው ትምህርት

ኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ ከሌሎች አገሮች ወሬ ብቻ አትማረውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑ ሶፍትዌር ከአንድ ዳሳሽ ብቻ የደረሰውን የተሳሳተ መረጃ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ።

አውሮፕላኑ ሁለት ዳሳሾች አሉት። ሁለቱ ሲለያዩ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ ምልክት መኖር ነበረበት፤ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ላይ ግን ምልክቱ አይሠራም ነበር። ቦይንግ በኋላ እንዳመነው፣ መሐንዲሶቹ ይህን ጉድለት በ2017፣ አውሮፕላኑን ማስረከብ በጀመሩ በወራት ውስጥ ደርሰውበታል። ለደህንነት አያሰጋም ተብሎ ለወደፊት ማሻሻያ ተቀጠረ። አየር መንገዶች የሰሙት ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ነው። ምልክቱ ቢሠራ ኖሮ ብቻውን ሰዎቹን ያተርፍ ነበር ማለት አይቻልም። አስደንጋጩ ነገር የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መበላሸቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሆኖ አለመቆጠሩ ነው።

ከአደጋው በኋላ የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ምርመራውን መራ። በዓመቱ ጊዜያዊ ሪፖርት፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻውን ሪፖርት አወጣ። የአሜሪካ መርማሪዎች በአንዳንድ ድምዳሜዎች ላይ ተቃውሟቸውን አቀረቡ፤ ክርክሩም በአደባባይ ሆነ። ይህ የአቪዬሽን ወግ ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ ምን እንደሆነ በደቂቃና በሰከንድ ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ሌላ አገር ያለ አብራሪ አንብቦ ሌላ ሰው እንዳይሞት ነው።

ምንም ያልሆነበት ሌሊት

የዚህ ሥራ አስቸጋሪ ጠባይ ሲሳካ አለመታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ዓለም የኮምፒውተሮችን መውደቅ ጠብቆ ነበር። የቀደሙት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ማስታወሻ ለመቆጠብ ዓመተ ምሕረትን በሁለት አሃዝ ይጽፉ ስለነበር፣ 00 ሲመጣ 1900 ይሁን 2000 ማሽኑ አይለይም። ኢትዮጵያ ገና 1992 ላይ ነበረች፤ ኮምፒውተሮቿ ግን የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው።

ሌሊቱ አለፈ፤ መብራት አልጠፋም፣ አውሮፕላን አልወደቀም። በማግስቱ ብዙ ሰው ሳቀ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለውሸት ነው ተባለ። በዓለም ዙሪያ ግን ባለሙያዎች ለዓመታት ቁጭ ብለው አሮጌ ኮድ መስመር በመስመር ሲያነቡና ሲያርሙ ቆይተዋል። ምንም ያልሆነው ስለሠሩ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር የሚከተል ሰው ዕጣው ይህ ነው፤ እሳቱን ያጠፋ ይሸለማል፣ እሳቱ እንዳይነሳ ያደረገ ደግሞ የበጀት ሰሞን ምን ትሠራለህ ተብሎ ይጠየቃል።

ስለዚህ ነው የክትትልና የጥገና ክፍል በየተቋሙ መጀመሪያ የሚቀነሰው። አዲስ መተግበሪያ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ካሜራ ይመጣል። ሰርቨር በሰላም ያደረበት ሌሊት አይመረቅም።

«ሲስተም የለም»

በኢትዮጵያ የዚህ ሁሉ ክብደት በየዓመቱ እየጨመረ ነው። ንግድ ባንክ ብቻ ከ38 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ሲነገር ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ሆነ። የፋይዳ መታወቂያም ከአገልግሎት አገልግሎት እየተሳሰረ ነው። ከዚህ በኋላ ሲስተም ሲቆም የሚቆመው አንድ መስኮት አይሆንም። ታክሲው፣ ፋርማሲው፣ ደሞዙ አብሮ ይቆማል።

ባለጉዳይ ግን ዛሬም የሚሰማው ያንኑ ሁለት ቃል ነው፤ «ሲስተም የለም»። ቃሉ እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ፣ ከሰው እጅ ውጭ እንደሆነ ነገር ይነገራል። ነገር ግን ሲስተም ሲጠፋ ሁልጊዜ ከኋላው የሰው ውሳኔ አለ። ማሻሻያ የጫነ፣ ፍተሻ ያለፈ፣ ተረኛ ያልመደበ፣ ማስጠንቀቂያ የሚልክ መሣሪያ አያስፈልግም ያለ አለ። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንደ ጋርማን የተጻፈ ወረቀትና የመናገር ሥልጣን ያልተሰጣቸው ናቸው።

ለዚህ መድኃኒቱ ውድ ቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። ለውጥን በአንድ ጊዜ በሁሉም ላይ ከመጫን በጥቂቱ ጀምሮ ማየት፤ የአንዱን ሥራ ሌላው እንዲያይ ማድረግ፤ ግብይት ከልክ ሲያልፍ ራሱን የሚያቆም ልጓም ማበጀት፤ ተረኛው አለቃ ሳይቀሰቅስ ማቆም እንዲችል በጽሑፍ መፍቀድ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውድቀት ሲደርስ ሙሉ ታሪኩን በአደባባይ መጻፍ።

በመጋቢቱ ሌሊት ገንዘብ የወሰዱት ተማሪዎች በሆራይዘን እንደተከሰሱት ባለሱቆች አይደሉም። ብዙዎቹ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር፤ እንዲመልሱ መጠየቃቸውም ልክ ነው። ሆኖም የእነሱ ፎቶ ተለጥፎ የሲስተሙ ታሪክ በአጭር መግለጫ ሲታለፍ ሕዝብ የተማረው ግማሹን ነው። ባለጉዳዩ ምን እንዳጠፋ አወቀ። ማሻሻያው በስንት ሰዓት ተጫነ፣ የመጀመሪያው ምልክት በስንት ሰዓት ታየ፣ ለማን ታየ፣ ከዚያ በኋላ በአሠራሩ ምን ተለወጠ የሚለውን ግን ማወቅ አለበት፤ ገንዘቡን ያስቀመጠው እዚያ ነውና።

በቢሾፍቱ ለወደቀው አውሮፕላን ኢትዮጵያ ዓለም እያየ በሰከንድ የተከፋፈለ ሪፖርት ጽፋለች። ለባንክ ሰርቨርም መጻፍ አያቅታትም።